«ሰላምታ»፦ ኮምፒውተርና ቴሌቪዥን ሲነቁ የሚጠያየቁት

እኛ ቤት ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጋር የተያያዘ ኮምፒውተር አለ። ፊልሙንም፣ መዝሙሩንም፣ የልጆቹን ትምህርትም የምናየው በእሱ ነው። ማታ አናጠፋውም፤ ሸለብ እንዲል እንተወዋለን። በማግስቱ ኪቦርዱን ነካ ስናደርገው ማራገቢያው ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፤ ቴሌቪዥኑ ግን «ሲግናል የለም» ብሎ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ለወራት እንዲህ አስቸገረን። ጥገና ቤት ወሰድኩት፤ ግራፊክስ ካርዱ ነው ተብሎ ተቀየረ፤ በሦስተኛው ቀን ያው ጥቁር። አንድ ማታ ልጄ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ኬብሉን ነቅላ መልሳ ሰካችው። ምስሉ ወዲያው መጣ።

ኬብል ነቅሎ መሰካት የሚጠግነው ነገር የለም። ያደረገው ቢኖር በሁለቱ መሣሪያዎች መካከል የተቋረጠውን ምልልስ ከመጀመሪያው ማስጀመር ነው። ይህን ምልልስ መሐንዲሶች «ሃንድሼክ» ይሉታል። ሁለት መሣሪያዎች ዋናውን ሥራ ከመጀመራቸው በፊት አንዱ ለሌላው መኖሩን የሚያስታውቅበት፣ ምን እንደሚችል የሚጠይቅበትና መልሱን የሚቀበልበት አጭር ወግ ነው። ቃሉ የቴሌቪዥን ብቻ አይደለም። ኮምፒውተሮች በኢንተርኔት የሚገናኙበት ቲሲፒ የተባለው ሥርዓት፣ እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው መግለጫው፣ ሦስት ዙር ሃንድሼክ አለው። አንዱ «አለህ ወይ?» ይላል፤ ሌላው «አለሁ፤ አንተስ ትሰማኛለህ?» ይላል፤ የመጀመሪያው «እሰማሃለሁ» ሲል ሥራው ይጀመራል።

በአማርኛ ምን እንበለው? ቃል በቃል «መጨባበጥ» ይሆናል፤ እኔ ግን አልመርጠውም። ሁለት ሰዎች ተጨባበጡ ሲባል ብዙ ጊዜ ጉዳዩ አልቆ፣ ስምምነቱ ታስሮ ነው። እዚህ ግን ጉዳዩ ገና ሊጀመር ነው። «ትውውቅ» ይቀርበዋል፤ ሆኖም ሰው ከሰው የሚተዋወቀው አንድ ጊዜ ነው፤ እነዚህ መሣሪያዎች ግን በነቁ ቁጥር ሊጠያየቁ ይገባል። እኔ የምመርጠው «ሰላምታ»ን ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር ያደረ ቤተሰብ እንኳ ጠዋት «እንዴት አደርክ?» «እንዴት አደርሽ?» ሳይባባል ወደ ሥራው አይገባም። ማታ አብረው ማምሸታቸው የጠዋቱን ሰላምታ አያስቀርም። ደግሞ ቃሉ ብቻውን አይመጣም፤ ቤተሰቡን ይዞ ነው። ሰላምታ ይሰጣል፣ ይመለሳል፣ ይለዋወጡታል፤ ሲበላሽ ደግሞ «ሰላምታ ነሳው» እንላለን። ይህ የመጨረሻው ሐረግ ለኔ ከሁሉ ይበልጣል፤ መበላሸቱን ብቻ ሳይሆን ማን ማንን እንደነሳ ይናገራልና። ጥገና ማለት ደግሞ ይህን ማወቅ ነው።

ለማውስ «መዳፊት» የሚል ስም ወጥቶለታል፤ ሰው ግን ዛሬም ማውስ ይላል። «የይለፍ ቃል» ግን ያለ ማስገደድ ገባ፤ ዘብንና ኬላን፣ ይለፍ ጠያቂንና አሳላፊን ሁላችንም ስለምናውቅ ይመስለኛል። ሰላምታም በዚያው በር የሚገባ ቃል ነው።

አሁን ወደ ኬብሉ እንመለስ። ኤችዲኤምአይ የሚባለው ኬብል ራስ 19 ፒኖች አሉት። ምስልና ድምፅ የሚፈስባቸው ብዙዎቹ ናቸው፤ ለሰላምታው የተመደቡት ግን ጥቂት ናቸው። ኮምፒውተሩ በ18ኛው ፒን 5 ቮልት ይልካል፤ ይህ «ቤቶች!» ብሎ እንደ መጣራት ነው። ቴሌቪዥኑ በ19ኛው ፒን መልስ ይሰጣል፤ «ይግቡ» ማለቱ ነው። ከዚያ በ15ኛውና በ16ኛው ፒን ኮምፒውተሩ የቴሌቪዥኑን መታወቂያ ያነባል። ይህ መታወቂያ ኢዲአይዲ ይባላል፤ ደረጃው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። መሠረታዊው ክፍል 128 ባይት ብቻ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚወስድ፣ በዚያ ቦታ በአማርኛ ብንጽፍ ከ42 ፊደል በላይ አይይዝም። በዚህች ጠባብ ቦታ የአምራቹ መለያ፣ የተሠራበት ዓመት፣ የስክሪኑ ስፋት በሴንቲሜትርና የሚያሳየው የምስል ጥራት ተጽፏል። ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚቀበል የሚገልጸው በተጨማሪ ገጽ ላይ ነው፤ ሰላምታው ሲሳሳት አንዳንዴ ምስሉ መጥቶ ድምፁ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

ከመታወቂያው በኋላ ሁለተኛ ሰላምታ አለ፤ እሱ የምስጢር ነው። ኢንቴል የሠራው ኤችዲሲፒ የተባለ ጥበቃ፣ ተቀባዩ ፊልም ገልባጭ አለመሆኑን በምስጢር ቁጥሮች ይፈትናል። ዴስክቶፑ በደንብ እየታየ የተከፈለበት ፊልም ብቻ የሚጠቁር ከሆነ የተነሳው ይህኛው ሰላምታ ነው።

ሸለብታ ላይ ምን ይሆናል? ስታንድባይን ሸለብታ ያልኩት እንቅልፉ ቀላል ስለሆነ ነው፤ በተለመደው አሠራር ራም ብቻ መብራት እየተሰጠው ሥራውን ሁሉ እንዳስታወሰ ይቆያል። ኮምፒውተሩ ሲነቃ በጥቂት ሰከንድ ተነስቶ በቀጥታ ቴሌቪዥኑን ይጠራል። ቴሌቪዥኑ ግን የራሱን ሥርዓት ገና እያስነሳ ነው፤ ከነቃም በኋላ ሌላ መግቢያ ላይ ሊሆን ይችላል። መልስ ያጣ ኮምፒውተር ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ማንም የለም ብሎ ምስል መላኩን ይተዋል፤ ወይ ሁሉም የኤችዲኤምአይ ስክሪን ሊቀበለው ወደሚገባው ወደ 640 በ480 የጥንት መጠን ይወርዳል። በመሃል የድምፅ ማጉያ መሣሪያ ካለ ደግሞ ሰላምታው በአስታራቂ የሚሄድ ይሆናል፤ አስታራቂው ከዘገየ ሁለቱም ይኮራረፋሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ኮምፒውተሩ በእርግጥ ነቅቷል ወይ የሚለው ነው። ኪቦርዱ ላይ ካፕስ ሎክን ይጫኑ። መብራቷ ከበራችና ከጠፋች ማሽኑ ሕያው ነው፤ ችግሩ ሰላምታው ላይ ነው። ካልተንቀሳቀሰች ኮምፒውተሩ ራሱ አልተነሳም፤ ያ ሌላ በሽታ ነው። እኔ ይህን ባውቅ ኖሮ ለግራፊክስ ካርድ ገንዘቤን አላወጣም ነበር።

ሰላምታው ላይ መሆኑ ከታወቀ ቀላሉን ይሞክሩ። በዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስን፣ የኮንትሮልን፣ የሺፍትንና የቢን ቁልፎች አንድ ላይ ቢጫኗቸው የምስሉ ክፍል ብቻ ታድሶ ቴሌቪዥኑን እንደገና ይጠራዋል፤ የተከፈተ ሥራ አይጠፋም። ከሁሉ የሚረዳው ግን ቅደም ተከተሉን መቀየር ነው። ቴሌቪዥኑን መጀመሪያ ያብሩ፤ መግቢያውን ይምረጡ፤ ሙሉ በሙሉ እስኪነሳ ይታገሱ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን ይቀስቅሱ። በእኛ ቤት ችግሩ የተፈታው በዚህ ብቻ ነው። የቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ውስጥ ፈጣን መነሻ የሚባል ምርጫ ካለ ማብራቱ፣ ድምፅ ማጉያውንም ለአንድ ቀን ከመሃል አውጥቶ በቀጥታ ማገናኘት ይጠቅማል። ረጅምና ያረጀ ኬብል ምስል እያሳለፈ ሰላምታውን ሊያደናቅፍ ስለሚችል በአጭር ኬብል መሞከርም ተገቢ ነው።

ይህ ሁሉ ካልሠራ የቴሌቪዥኑን መታወቂያ ቀድቶ ይዞ፣ ኮምፒውተሩ በጠራ ቁጥር በእሱ ፈንታ የሚመልስ አነስተኛ መሣሪያ አለ። «እንደራሴ» ቢባል ሥራውን በትክክል ይገልጸዋል። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልገዋል፤ ቴሌቪዥን ሲቀይሩ እንደራሴው የቀድሞውን ጌታ መታወቂያ ይዞ ስለሚቀር አዲሱን እንዲቀዳ ማድረግ አለብዎት።

ጥገና ቤት መሄድ ግድ ከሆነም «ኮምፒውተሬ ተበላሽቷል» አይበሉ። «ከሸለብታ ሲነቃ ቴሌቪዥኑ ሰላምታ ይነሳዋል፤ ካፕስ ሎክ ግን ይሠራል» ይበሉ፤ ኬብሉንም አብረው ይውሰዱ።