ኩራዝ

የነጭ ጋዝ መብራት
ቁስ፦ ቆርቆሮ፣ የጥጥ ፈትል
ዘመን፦ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ሁለተኛ አጋማሽ
መገኛ፦ ገንዳ ውሃና መተማ አካባቢ፣ ምዕራብ ጎንደር

ኩራዝ የሚሠራው ከባዶ ጣሳ ነው። ቆርቆሮ ሠሪው ጣሳውን ቆርጦ ይበይደዋል፤ በክዳኑ መሐል ቀጭን ቱቦ ያቆማል፤ ከጎኑ መያዣ ጆሮ ይቀጥልለታል። በቱቦው ያለፈው ፈትል ከሥር ነጭ ጋዙን እየመጠጠ ጫፉ ላይ ይነዳል። ብርሃኑ ሲደክም ፈትሉ በስንጥር ሳብ ይደረጋል፤ የከሰለው ጫፍ ይቆረጣል።

እንደ ፋኖስ መስተዋት ስለሌለው ነፋስ በቀላሉ ያጠፋዋል፤ ጭሱም ብዙ ነው። በቱቦው አፍ ዙሪያ የሚታየው ጥላሸት ከዚሁ የመጣ ነው። እራት የሚቀርበውም፣ ተማሪ የሚያጠናውም በዚህ ብርሃን ነበር።

ነጭ ጋዝ ከመለመዱ በፊት ምሽቱን የሚያበሩት የምድጃ እሳት፣ ችቦና የሰም ጧፍ ነበሩ። ኩራዝ ቤተሰቡን ከገበያ ጋር አስተሳስሯል፦ ጥጥ የመተማ ቆላ ምርት ሲሆን ነጭ ጋዙና ጣሳው ግን በንግድ የሚገቡ ናቸው። ገንዳ ውሃ የምትገኘውም ከጎንደር ወደ ሱዳን ድንበር በሚወስደው የንግድ መንገድ ላይ ነው።