የጠፍር አልጋ

በ1909 ዓ.ም. ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ በተባሉ ጊዜ የወረሱት መኝታ አልነበረም፤ መንግሥት ነው እንጂ። ነገሥታቱ ለችሎት የሚቀመጡት በአልጋ ላይ ስለ ነበረ ዙፋኑም በዚሁ ስም ተጠራ። ማዕረጉ በ1967 ዓ.ም. ከዘውዱ ጋራ ቀረ፤ የቤቱ አልጋ ግን ዛሬም ይጠፈራል።

እንደ ቆቦ ባለ ከብት በሚረባበት ቆላ ጠፍሩ ቢላላ አልጋው አይጣልም። አሮጌው ጠፍር ይፈታል፤ ጥሬ የበሬ ቆዳ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ጠጕሩ ተፍቆ ከዳር ወደ መካከል እየዞረ ይተለተላል፤ በዚህም አንድ ቆዳ አንድ ረጅም ጠፍር ይወጣዋል። እርጥቡ በእንጨቱ ቀዳዳዎች እየገባ ይጠፈራል፤ ሲደርቅ ተኰማትሮ ራሱን በራሱ ይወጥራል። ማድረቂያው ጥላ ነው፤ የቆላ ፀሐይ ቆዳውን ይሰነጥቀዋል። እኔም አንድ ጊዜ ቸኵዬ በፀሐይ ባደርቀው፥ በሳምንቱ ተበጥሶ መሬት አድሬአለሁ።