የአፍንጫ ጠብታ፦ ከ5 ቀን በላይ ለምን አይወሰድም?

ደባርቅና ዳባት ያላችሁ ተከታታዮቻችን፣ ስለ ብርዱ እኛ አንነግራችሁም። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሌሊቱ ይበርዳል፣ የበጋው አየር ይደርቃል፣ ቤት ውስጥ ደግሞ የማገዶ ጭስ አለ። ጉንፋን ሲጨመርበት አፍንጫ ድፍን ይላል። ያኔ ብዙዎቻችን ፋርማሲ ገብተን ጠብታ እንገዛለን። ጠብታው ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ግን የቀን ገደብ አለው።

እንዴት ይሠራል?

አፍንጫን የሚደፍነው ንፍጥ ብቻ አይደለም። በአፍንጫ ውስጠኛ ሽፋን ላይ ያሉ የደም ሥሮች ይሰፉና ሽፋኑ ያብጣል። ደጋግመን ብንናፈጥም የማይከፈተው ለዚህ ነው። ዛይሎሜታዞሊንና ኦክሲሜታዞሊን የሚባሉት መድኃኒቶች የደም ሥሮቹን ያጠብባሉ፤ በደቂቃዎች ውስጥ አየር ማለፍ ይጀምራል፣ እፎይታውም ለሰዓታት ይቆያል። ጉንፋኑን ግን አያድኑም፤ እሱ ጊዜውን ጠብቆ ነው የሚለቀው።

ችግሩ የቱ ጋ ነው?

ብዙ ቀን ሲወሰድ የደም ሥሮቹ መድኃኒቱን ይለምዱታል። ኃይሉ ሲያልቅ ሽፋኑ ከበፊቱ ብሶ ያብጣል። ሰውየው "ጉንፋኑ አልለቀቀኝም" ብሎ ይደግማል፤ አሁን ግን አፍንጫውን የሚዘጋው ራሱ ጠብታው ነው። እንዲህ እያለ ወራት የሚቆይ አለ። መውጫው ማቆም ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ፤ ሐኪም ካማከራችሁ ግን የሚያቀል ሌላ መድኃኒት ሊያዝላችሁ ይችላል።

ስትጠቀሙ

1. ከ3 እስከ 5 ቀን ብቻ፤ መጠኑንም ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው አታሳልፉ።
2. አንድ ጠርሙስ ለአንድ ሰው ነው። መዋዋስ ጉንፋኑንም መዋዋስ ነው።
3. ደም ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ የታይሮይድ ችግር ወይም ግላኮማ ያለባችሁ፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡሮችና የምታጠቡ እናቶች አስቀድማችሁ ባለሙያ ጠይቁ።
4. ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትስጡ። ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጡት፤ ጥቂት እንኳ ቢውጡት የልብ ምታቸው ሊቀንስና ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ።
5. ፊኒሌፍሪን ያለበት የሚዋጥ ኪኒን ከገዛችሁ ብዙ አትጠብቁ። በ2023 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አማካሪዎች ሲዋጥ የተዘጋ አፍንጫ እንደማይከፍት ወስነዋል።

ቤት ውስጥስ?

ፈልቶ በቀዘቀዘ ሩብ ሊትር ውሃ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ አፍንጫችሁን እጠቡ። ይሄ የቀን ገደብ የለውም፤ ግን በየቀኑ አዲስ አዘጋጁ።

ወደ ሳንቃበርና ጨነቅ ለምትወጡ ደግሞ አንድ ነገር። እዚያ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ቁጭ ብሎም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ጉንፋን ነው ብላችሁ በጠብታ አትለፉት፤ የከፍታ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ወደ ታች ውረዱ።

አፍንጫችሁ ከ10 ቀን በላይ ከተዘጋ፣ ከፍተኛ ትኩሳት ካለ ወይም ከአንድ ወገን ብቻ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ከወጣ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ጠብታ ከኪሱ የማይለይ ጓደኛ ካላችሁ ይህን አጋሩት።