ለአንድ መዝገብ ሦስት ሚዛን፦ የጥርስ ሐኪም ብቃት በኔዘርላንድስ

የጥርስ ሕክምና ተማሪ «በቅቷል» የሚባለው መቼ ነው? በዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ ከተጀመረበት ከ1877 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለጥያቄው የተሰጡት መልሶች ተለዋውጠዋል።

የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ለረጅም ዘመን የተጠቀሙበት መልስ ቆጠራ ነበር፦ ይህን ያህል ጥርስ ሙላ፣ ይህን ያህል ንቀል፣ አስፈርም፣ ተመረቅ። ለሁሉም ግልጽ የሆነ መመዘኛ ነው። ጉዳቱ ግን ተማሪው በሽተኛውን ትቶ የጎደለውን ቁጥር ማሳደዱ ነው። ስኮትላንዳዊው ሮናልድ ሃርደን በ1975 ተፈታኞች ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየተዘዋወሩ የሚመዘኑበትን ፈተና አስተዋወቀ። አሜሪካዊው ጆርጅ ሚለር በ1990 ማወቅን፣ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅን፣ ሠርቶ ማሳየትንና በዕለት ሥራ መፈጸምን ለያየ። የመጨረሻው እርከን በፈተና ቀን አይታይም።

በአምስተርዳም የሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች የጥርስ ሕክምና ፋኩልቲዎች በ1984 ተዋሕደው አክታ የተባለውን ማዕከል መሠረቱ። ማዕከሉ ሙግ ከተባለ ኩባንያ ጋር ባበለጸገው መለማመጃ ተማሪው በምናባዊ ጥርስ ላይ የመሰርሰሪያውን ግፊት በእጁ ይሰማዋል። ድንቅ መሣሪያ ነው፤ ጥርሱ ከነጭራሹ መሰርሰር ነበረበትን የሚለውን ጥያቄ ግን አይመልስም። ለዚህ ወደሚቀርበው ሐሳብ የደረሰው በ2005 የዩትሬክቱ ኦለ ተን ካተ ይመስለኛል። በእርሱ አመለካከት መምህሩ ራሱን የሚጠይቀው «ስንት ነጥብ?» ብሎ ሳይሆን «ይህን ሥራ ያለ እኔ ልተውለት?» ብሎ ነው። እንዲህ ያለው አመኔታ የሚገነባው ብዙ ዓይኖች ደጋግመው ሲያዩ ነው።

ሄግ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። በ1993ቱ የጤና ሙያዎች ሕግ መሠረት የጥርስ ሐኪም ለመባል በቢግ መዝገብ መግባት ያስፈልጋል። የአገሩ ምሩቅ በዓመታት ክትትል ባገኘው ዲፕሎማ ይገባል። የአውሮፓ ኅብረት ምሩቅ ዲፕሎማ ደግሞ በመመሪያው መሠረት በቀጥታ ይታወቃል፤ መመሪያው ቢያንስ አምስት ዓመትና 5,000 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል፣ ይህም ከቆጠራ የራቀ አይደለም። ከጎንደር ወይም ከጅማ የተመረቀችው ሐኪም ግን የቋንቋ፣ የጠቅላላ ዕውቀትና የሙያ ፈተናዎች ይጠብቋታል።

የበሽተኛው ደኅንነት ጥብቅ ማጣሪያ እንደሚሻ አያከራክርም። የሚያከራክረው ለሦስተኛዋ የተመረጠው መሣሪያ ነው፤ የዘርፉ ምሁራን ለራሳቸው ተማሪዎች በቂ አይደለም ያሉት የአንድ ወቅት ፈተና ለእርሷ ዋናው በር ሆኗል። በዚያ ላይ የጥርስ ሐኪም እጅ ሳይሠራ ሲቆይ ይዶለዱማል። ደች ተምራ፣ ሰነድ አሰባስባ፣ ተራዋን ጠብቃ ፈተናው ላይ ስትቀመጥ ነጥቡ የሚመዝነው ትምህርት ቤቷን ብቻ ሳይሆን ሥራ ፈትታ የቆየችበትን ጊዜም ነው። ከቋንቋ ፈተናው ቀጥሎ በተመዘገበ ሐኪም ሥር፣ በእውነተኛ ክሊኒክ፣ ለጥቂት ወራት በበርካታ መዛኞች ብትታይ ሄግ ስለ ብቃቷ የተሻለ ማስረጃ ታገኛለች፤ እርሷም እጇን ሳታሳርፍ ትቆያለች።