ቅድ አኒሜሽን፦ ከልብስ ሰፊ የተዋስነው ስም

ልብስ ሰፊ ጨርቁን ሲቀድድ እያበላሸው አይደለም። እጅጌውን ለብቻ፣ ደረቱን ለብቻ፣ ኮሌታውን ለብቻ የሚያወጣው መልሶ ሊገጥመው ነው፤ ለስፌቱም ከልኩ ትንሽ ያተርፋል። በእንግሊዝኛ «ካት-አውት አኒሜሽን» የሚባለው ሥዕልን የማንቀሳቀሻ ስልት እንዲሁ ነው የሚሠራው። በአማርኛ «ቅድ አኒሜሽን» እንበለው የምለውም ለዚህ ነው።

«የቁርጥራጭ ሥዕል አኒሜሽን» ቢባልስ? ቁርጥራጭ ከሥራ የተረፈው፣ ማታ ከሰፊው ወንበር ሥር የሚጠረገው ነው። እዚህ ግን ዋናው ዕቃ ቁራጩ ራሱ ነው። «ቅድ» ሲባል መግጠሙም ከኋላው ይከተላል፤ ሐኪሞቻችንም «ቀዶ ጥገና» ብለው መቅደዱንና መጠገኑን ባንድ ስም አስረውታል። «አኒሜሽን»ን አልነካሁትም። ሕፃን ሳይቀር የሚያውቀውን ቃል ማስጣል ትርፉ ግራ ማጋባት ነው።

በተለመደው የእጅ አኒሜሽን ገጸ ባሕርይው በተንቀሳቀሰ ቁጥር እንደ አዲስ ይሣላል። በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ያልፋል፤ ድካም ለመቀነስ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ቢያቆዩት እንኳ የአንድ ደቂቃ ፊልም 720 ሥዕል ይጠይቃል። በቅድ አኒሜሽን ገጸ ባሕርይው አንድ ጊዜ፣ አካሉ ተለያይቶ ይሣላል። ከዚያ በኋላ የሚንቀሳቀሰው ያው ሥዕል ነው።

ስልቱ ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው። ጀርመናዊቷ ሎተ ራይኒገር ከጥቁር ካርቶንና ከስስ እርሳስ ብረት ምስሎችን በመቀስ እየቀደደች፣ መጋጠሚያቸውን በሽቦ እያሰረች፣ ከሥሩ መብራት ባለው መስታወት ላይ ታንቀሳቅሳቸው ነበር። ካሜራው ከላይ ሆኖ እያንዳንዷን ቅንጣት እንቅስቃሴ ያነሣል። «የልዑል አህመድ ጀብዱዎች» የተባለው ፊልሟ በዚህ መንገድ ሦስት ዓመት ያህል ፈጅቶ በ1926 እ.ኤ.አ. ለዕይታ በቃ። እስከ ዛሬ ከተረፉት ሙሉ ርዝመት ያላቸው የአኒሜሽን ፊልሞች ቀዳሚው እሱ ነው። የአሜሪካው «ሳውዝ ፓርክ»ም በ1997 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ክፍሉ የተሠራው ባለቀለም ወረቀት ተቀድዶ ነው። ያ አንድ ክፍል ወራት ፈጀ፤ ሥራው ወደ ኮምፒውተር ከዞረ በኋላ ግን አንድ ክፍል በሳምንት ውስጥ ማድረስ የቻሉበት ጊዜ መጣ። ልጆቻችን የሚያዩት «ፔፓ ፒግ»ም የዚሁ ቤተሰብ ነው።

ዛሬ መቀሱን የተኩት እንደ ቱን ቡም ሃርመኒ፣ ሞሆና አዶቤ አኒሜት ያሉ ፕሮግራሞች ናቸው። መክፈል ለማይችል ኦፕንቱንዝ በነፃ ይገኛል። ቢሆንም ሥራው ከወረቀት መጀመር ይችላል፤ እንዲያውም የእጅ መስመር ያለበት ሥዕል ኮምፒውተር ላይ ከተሣለው ይልቅ ሕይወት አለው ባይ ነኝ።

ከጀበና ቡና የምትቀዳ ሴት ሣልን እንበል። ጀማሪ ያለቀውን ሥዕል ስካን አድርጎ ክርኗ ላይ በቀጥታ ይቆርጠዋል። ክንዷን ሲያጥፍ ክርኗ ይሰነጠቅና ባዶ ቦታ ይታያል፤ ከቁራጩ ሥር የተሣለ ነገር የለማ! ስለዚህ ትከሻ፣ ክንድ፣ እጅና ጀበና እያንዳንዳቸው ለየብቻ መሣል አለባቸው፤ ተመልካች የማያየው፣ በሌላው አካል ሥር የሚደበቀው ጫፍም ጭምር። ሰፊው ለስፌት የሚያተርፈው ማለት ይሄ ነው። መጋጠሚያው ላይ ሁለቱም ጫፎች እኩል ክብ ሆነው ይሣላሉ፤ ማጠፊያው የክቡ መሐል ላይ ሲተከል ክንዱ የትም ቢዞር አይሰነጠቅም። ከስካን በኋላ የወረቀቱ ነጭ ተገፍፎ እያንዳንዱ አካል በየራሱ ሌየር (ንጣፍ) ይቀመጣል። ሌየሮቹን «ቀኝ ክንድ»፣ «ግራ እጅ» ብላችሁ ሰይሙ፤ 40 ሌየር ሲሞላ ታመሰግኑኛላችሁ።

ቀጥሎ እጇ ታች ያለበትንና ጀበናውን ያነሣችበትን ቁልፍ ፍሬሞች እናስቀምጣለን፤ መሐሉን ፕሮግራሙ ይሞላዋል። እዚህ ላይ ስንፍና ይገለጣል። ኮምፒውተሩ በራሱ የሞላው እንቅስቃሴ ውኃ ውስጥ የሚዋኝ ይመስላል፤ የት እንደሚፈጥን፣ የት እንደሚዘገይ፣ የት ቆም እንደሚል የሚወስነው ሠዓሊው ነው።

ስልቱ የማይወደው ነገርም አለ። ነጠላ አንዱ ነው፤ ሲወርድና ሲጣፋ ቅርጹ ስለሚለዋወጥ ብዙ ጊዜ እንደገና መሣል ይሻላል። ሌላው ፊት ነው። ጠፍጣፋ ሥዕል አይዞርም፤ ከፊት ለፊት ወደ ጎን ለማዞር ሌላ ጭንቅላት መተካት ግድ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ጻድቁን ከፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉውን ከጎን ባንድ ዓይን የመሣል ልማድ አላቸው። በዚህ ባህል የሚሠራ ሰው ገጸ ባሕርይው ክፉ ሲያስብ ባለሁለት ዓይኑን ጭንቅላት አንሥቶ ባለአንዱን ቢተካበት፣ የስልቱ ድክመት የታሪኩ አካል ይሆንለታል። ይህን የሚሞክር ሠዓሊ ባይ ደስ ይለኛል።

አንድ ቃል ቀርቶኛል። ቅዶቹን አጋጥሞ፣ ማጠፊያ ተክሎ ለእንቅስቃሴ ማሰናዳቱን ባለሙያዎች «ሪጊንግ» ይሉታል። «ማገጣጠም» ብል የመኪና መሰለብኝ፤ «ማዋቀር» ብል የመሥሪያ ቤት። የተሻለ ቃል ያላችሁ፣ በተለይ አሻንጉሊት የምትሠሩ፣ እባካችሁ አውጡት።