ተማሪው ሲያስተምር

ሀ ሁ ሂን በዜማ የያዘ ልጅ ፊደል ለየ ማለት አይደለም። ጣቱ የትም ቢያርፍ አፉ ዜማውን ይቀጥላል። የንባብ ቤት መምህራን ይህን አሳምረው ያውቁታል፤ ከሀ ሁ ቀጥሎ አቡጊዳ የሚመጣውም ለዚሁ ይመስለኛል። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ፦ ተራው ተበትኖ፣ ግእዙ ከካዕቡ፣ ካዕቡ ከሣልሱ ተሰባጥሮ ሲቀርብለት ልጁ ዜማውን ትቶ ዐይኑን ማመን ይጀምራል። በስንደዶ እየጠቆመ አንዱን ፊደል ከሌላው ይለያል። ከዚያ ፊደለ ሐዋርያ ይከተላል፤ የዮሐንስ መልእክት በቁጥር፣ በግእዝ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ እየተመላለሰ ይጠናል። ከዚያም ወንጌል አልፎ ዳዊት የደገመ ልጅ ንባብ አበቃ ይባልለታል።

የኔታ ይህን ሁሉ ብቻቸውን አይዘልቁትም። ዳዊት የደረሰው ወንጌል ላይ ያለውን፣ ወንጌል ላይ ያለው ፊደል ቆጣሪውን ያስቀጽላል። እሳቸው ግራ ቀኝ እየሰሙ የሳተውን ያርማሉ። የአገራችንን የትምህርት ታሪክ ባገላበጥኩ ቁጥር ጎልቶ የሚታየኝ ይኸው ነው። ንባብ ሰፍቶ የተሠራጨው ትናንት የተማረው ዛሬ እንዲያስተምር በተደረገበት ጊዜ ነው፤ ከመምህሩ እጅ በተነጠቀበት ጊዜ ደግሞ ተዳክሟል።

የንባብ ቤቱ ጉድለት ትንሽ አልነበረም። ልጁ የማያውቀውን የግእዝ ቋንቋ ያነበንባል፤ ጽሕፈት ራሱን የቻለ ሙያ ስለሆነ ማንበብ የሚችል ሁሉ አይጽፍም። ከሁሉ የሚከብደው ሴት ልጅ ደጁን እምብዛም አለመርገጧ ነው። ጎጃም ውስጥ በልጅነታቸው ዐይናቸውን ያጡት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ከአባታቸው ቅኔ ተምረው ወንበር ዘርግተው ለወንዶች ማስተማራቸው ምን ያህል ዕውቀት ቤት ውስጥ ተዳፍኖ እንደቀረ ያሳያል። ተማሪ ተማሪን ማስተማሩ የቤተ ክህነት ልማድ ብቻ አልነበረም። በወሎ፣ በሐረርና በሌሎችም ቦታዎች የቁርኣን ቤቶች በሉሕ፣ ማለትም በእንጨት ሰሌዳ ላይ እያስጻፉ ደረሶቻቸውን፣ ተማሪዎቻቸውን፣ አውጥተዋል፤ እዚያም የበረታው ደረሳ ታናሹን ያስቀራ ነበር።

በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማርን በተመለከተ ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ የሁለት ሰዎች ሥራ ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከኢሉባቦር በልጅነታቸው ተሰርቀው ከእጅ ወደ እጅ ተሸጡ፤ ምጽዋ ላይ ነጻ ወጡና ከስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። አስቴር ጋኖም በባርነት ወደ ዐረብ አገር ስትጫን ጣልያኖች መርከቡን አስቁመው ነጻ ካወጧቸው አንዷ ናት። ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ላይ የተገናኙት እነዚህ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1894 በግእዝ ፊደል የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ አሳተሙ። አስቴር ከትዝታዋና ከሌሎች ነጻ ከወጡ ልጆች ቃል የሰበሰበቻቸው ተረቶች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖች መጽሐፉን ሞልተውታል። ከአገሯ በግድ የተነጠቀች ወጣት ለአገሯ ልጆች የሚያነቡትን ነገር በስደት ሆና አዘጋጀች። በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም የእሷ ድካም አለበት። በኋላ ሁለቱም ወደ ወለጋ ሄደው በኦሮምኛ ማስተማር ጀመሩ፤ ከቀሳውስትና ከሹማምንት ብዙ ተቃውሞ ቢደርስባቸውም ልጆቹ ማንበብ ተማሩ። በታሪካችን ውስጥ የአስቴር ስም ከዚህ በላይ መነሳት አለበት እላለሁ።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በስማቸው የተጠራውን ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ቤተ ክህነት ከአውሮፓ የሚመጣ መምህር እምነት ያበላሻል ብላ ሠግታ ስለነበር አስተማሪዎቹ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ሆኑ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን፣ ከጣልያን ወረራ ጥቂት ዓመታት በፊትም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤቶች ተከተሉ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ፋሺስት ጣልያኖች የተማረውን ወጣት እየለቀሙ ገደሉት፤ ሠላሳ ዓመት የተለፋበት ዘር በጥቂት ወራት ታጨደ። ስዊዘርላንድ የተማሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በአዚናራ ደሴት ታስረው ከተመለሱ በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩት ያ ክፍተት በነበረበት ጊዜ ነው። በኋላ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆነዋል።

ከነጻነት በኋላ ትምህርት ቤቱ ቢበዛም ከተማ ከተማውን ያዘ። በገጠር ያለው ብዙው ወጣት እንኳን ሊማር የዘመናዊ ትምህርት ቤት መምህር ምን እንደሚመስል አያውቅም ነበር። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይህንን በከፊል ቀየረ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይሄድ ነበር፤ አብዛኛው የሚመደበው በመምህርነት ነበር። አገሩን አላውቅም ነበር ብሎ የተመለሰ ብዙ ነው። ጭሰኛውን በዐይኑ ያየ ተማሪ «መሬት ላራሹ» የሚለውን የተማሪዎች መፈክር የሚያስተጋባው በሌላ ስሜት ነበር።

መምህራኑም ዝም አላሉም። ሴክተር ሪቪው የተባለው የትምህርት ዕቅድ አብዛኛውን የድኻ ልጅ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ የሚያስቀር ነው ብለው የካቲት 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ። የንጉሡን መንግሥት ከነቀነቁት ነገሮች አንዱ ይህ አድማ ነው።

በንጉሡ ምትክ ሥልጣን የያዘው ደርግ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻን ሲያውጅ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። የ17 እና የ18 ዓመት ልጆች፣ ብዙዎቹ ከወላጅ ቤት ውጭ አድረው የማያውቁ፣ ቀን የገበሬ ማኅበር ያደራጃሉ፣ ማታ በኩራዝ ሀ ሁ ያስቆጥራሉ። ማሳ የዋለ አባወራ የልጁ እኩያ ፊት ቁጭ ብሎ ጠመኔ ይዞ ስሙን ይጽፋል። የመሬት አዋጁ ሲወጣ ዘማቹ ከባላባት ጋርም ከመንግሥት ሹም ጋርም ተጋጨ፤ የተገደሉ አሉ፣ ጥሎ የተመለሰም ብዙ ነው። ቀጥሎ የመጣው የደርግ ቀይ ሽብር ደግሞ ያንኑ ትውልድ በላው። በየቀበሌው ከተገደሉት መካከል ገበሬ ያስነበቡ ልጆች ነበሩበት። ስለ መሠረተ ትምህርት ስኬት በተወራ ቁጥር ይህ አብሮ ሊነገር ይገባል፤ ማስተማር የሚችሉትን ገድሎ ነው መንግሥት የማስተማር ዘመቻ ያወጀው።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ግን እውነተኛ ሥራ ሠርቷል፤ ያንንም መካድ አይገባም። ከ90 በመቶ በላይ ሕዝብ ማንበብ በማይችልበት አገር በ15 ቋንቋዎች መጽሐፍ ታተመ። የክረምት ዕረፍት ላይ ያለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ መምህር ሆነ። ዩኔስኮም ሸለመው። ችግሩ የመጣው ከምስክር ወረቀቱ በኋላ ነው፤ አንብቦ የወጣው ገበሬ ቀጥሎ የሚያነበው ነገር አጣ። ጋዜጣ አይደርሰውም፣ መጽሐፍ አይሸጥለትም። ያወቀውን ፊደል ሳይጠቀምበት የረሳ ብዙ ነው።

ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መማር ጀመሩ፣ ትምህርት ቤት በየቀበሌው ተከፈተ። ለዚህ ምስጋና ይገባል። በሁለተኛ ደረጃ ግን በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት መጣ። ውጭ አገር የተዘጋጀ፣ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ትምህርት በሳተላይት ይተላለፍ ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ላለው መምህር መግቢያና መውጫ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠው ነበር። ተማሪው እጁን ቢያወጣ ቴሌቪዥኑ አይቆምለትም ነበር፤ መምህሩም እንደ ተማሪው ወደ ስክሪኑ ያይ ነበር። መብራት የጠፋ ዕለት ሁሉም ነገር ጸጥ ይል ነበር። አንድ ልጅ ያልገባውን ነገር ከፊቱ አንብቦ መመለስ የሚችለው ሰው ብቻ ነው፤ ፕላዝማው ያንን ሰው ከገዛ ክፍሉ አስወጣው ብዬ አምናለሁ።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ኩረጃ የለመደ ትውልድ ነው ተብሎ ወጣቱ ተወቀሰ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በደከመ፣ ደመወዙ የቤት ኪራይ በማይሸፍንለት፣ አማራጭ ሲያጣ ወደ ማስተማር በገባ መምህር እጅ ያለፈን ልጅ ለብቻው መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

በትግራይ ኮሮናና ጦርነት ተደራርበው ትምህርት ቤቶች ለዓመታት ተዘጉ፤ በአማራ ክልልም በግጭቱ ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከክፍል ውጭ ሆነዋል። የትግራይ መምህራን ከአንድ ዓመት በላይ ደመወዝ ሳያገኙ ቆይተው በ2015 ዓ.ም. በር ሲከፈት፣ ጣሪያው በተቀደደና ወንበር በሌለው ክፍል ውስጥ ማስተማር ጀመሩ። ያልተከፈላቸው ደመወዝ የመንግሥት ዕዳ ነው፤ ሊከፈላቸው ይገባል።