ቡሬን ያስለቀቀው ባዶ እጅ

ካርታ ተጫዋች ደካማ ካርታ ይዞ በድፍረት ገንዘብ ሲጨምር፣ ባላንጣውም ደንግጦ ካርታውን ሲጥል፣ ያሸነፈው ውሸቱ ይመስላል። በ1933 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ የሆነው ግን ሌላ ነው። ጥር 12 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ድንበሩን ሲያቋርጡ፣ በእንግሊዛዊው ዊንጌት የሚታዘዘው የጌዴዎን ጦር 2 ሺህ እንኳ አይሞላም። መድፍ የለውም፤ ያለው ጥቂት ሞርታር ነው። ስንቁን የጫኑት የሱዳን ግመሎች ደጋው አልተስማማቸውምና ያለፈበት መንገድ በሬሳቸው ይታወቅ ነበር። ጎጃም ላይ የሰፈረው የጣሊያን ጦር ወደ 35 ሺህ ይገመታል። ይሁንና የካቲት 25 የጣሊያኑ አዛዥ ኮሎኔል ናታሌ የቡሬን ምሽግ ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ።

የእንግሊዝ ጸሐፊዎች ይህን ከዊንጌት ብልጠት ይቆጥሩታል። ሌሊት ሌሊት ጥቂት ሰው ልኮ ምሽጎቹን ማስተኮሱ፣ በድምፅ ማጉያ ቅኝ ወታደሮቹን ማስከዳቱ እውነት ነው። ግን ናታሌ ለምን አመነው? አርበኞቹ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህና በላይ ዘለቀ ለዓመታት ከምሽግ መውጣትን አስፈሪ አድርገውበት ስለነበር ነው። ዊንጌት የጨመረበት ናታሌ ቀድሞ የሚፈራውን ወሬ ብቻ ነበር፤ መያዣው በአርበኞች ደም አስቀድሞ ተከፍሏል። ጣሊያኖቹ ፈሪዎች ስለነበሩ ነው የሚል ካለ የኤርትራዋን ከረን ይመልከት፤ እዚያ የዚያው መንግሥት ጦር ሰባት ሳምንት ያህል ተናንቋል። የከረን ተከላካይ ጠላቱን ፊት ለፊቱ ያያል። የቡሬው ግን ጀርባው ያለው መንገድ የማን እንደሆነ አያውቅም።

ካርታው ተገልጦ የታየበት ጊዜም አለ። ናታሌ ሲያፈገፍግ፣ የካቲት 27፣ ጨረቃ ወንዝ ላይ መንገዱን የዘጋው አንድ የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር ብቻ ነበር። በሺዎች የሚቆጠረው የጣሊያን ሰልፍ ደርምሶት አለፈ። የባላንጣውን ትንሽነት በዓይኑ ያየ ጦር ዞሮ ቡሬን መልሶ መያዝ ይችል ነበር፤ እሱ ግን ጉዞውን ቀጠለ። መሄድን የቆረጠ ሰው ማስረጃ አይመረምርም፤ ደግሞም የሚሸሽበት በር ባይኖር ኖሮ ውጊያው ሌላ መልክ በያዘ ነበር። ደብረ ማርቆስ ሲያዝ ደግሞ ጣሊያኖቹ ትተውት የሄዱት ስልክ ደወለ፣ ጣሊያንኛ የሚችል አሜሪካዊ ጋዜጠኛም አንስቶ 10 ሺህ የእንግሊዝ ጦር እየመጣ ነው አለ ተብሎ ይተረካል።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው በግንቦት አጊባር ላይ የተጻፈው ደብዳቤ ነው። የጣሊያኑ ኮሎኔል ማራቬንታኖ ከ8 ሺህ በላይ ሰው ይዟል፤ የከበበው ጥቂት መቶ መደበኛ ወታደርና ከራስ ካሣ ጋር ያሉ አርበኞች ናቸው። ዊንጌት፣ ማራቬንታኖ እጅ ካልሰጠ እሱ መደበኛ ወታደሮቹን ይዞ እንደሚሄድና ለአርበኞቹ እንደሚተወው ጻፈለት። የመሄዱ ትእዛዝ እውነተኛ ነበር፤ አለቆቹ ጦሩን መልስ ብለውታል። ይህ ትእዛዝ ድክመቱን የሚያጋልጥ ሆኖ ሳለ እንደ ማስፈራሪያ ተጻፈ፤ ማራቬንታኖም እጅ ሰጠ።